መጨረሻው የተገነጠለ ልብ ወለድ

ከመደርደሪያው ጀርባ፦ የአንባቢያን ጥያቄና የእትዬ መልስ

ጥያቄ

ይድረስ ለእትዬ። እንደምን ሰነበቱ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። ዕድሜዬ 31 ነው፤ የ8 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። አባቷ ጂዳ ከሄደ 6 ዓመት አለፈው። መጀመሪያ በየጁምዓው ይደውል ነበር። ቀጥሎ ለዒድ ብቻ ሆነ። አሁን ቁጥሩም አይጠራም። ከእናቴ ጋር እየኖርኩ ልጄን አሳድጋለሁ። ሥራዬ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ቁጥጥር ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ የላላ ቁልፍና የተጣመመ ስፌት ስፈልግ እውላለሁ።

ባለፈው ወር አንዲት ባልደረባዬ የትርጉም ልብ ወለድ አዋሰችኝ። ሽፋን የለው፣ የመጀመሪያ ገጾች የሉት፤ ስሙንም የጻፈውንም አላውቅም። ታሪኩ ለንደን ስለምትኖር አንዲት እናት ነው። ቢሮ ትሠራለች፣ ትንሽ ልጅ አላት፣ ባል የላትም። ሁልጊዜ ትዘገያለች፣ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ትረሳለች። አንድ ቀን ልጇ ጀርባዋ ላይ የዳክዬ ስቲከር ለጥፎባት ሳታውቅ ትልቅ ስብሰባ ትገባለች። ስትወጣ ጎረቤቷ ደረጃው ላይ ያገኛትና ምንም ሳይል ቀስ ብሎ ያነሳላታል። እዚህ ጋ ስደርስ በሳቅ ሞትኩ። እኔ ራሴ እኮ የልጄን የቢራቢሮ ፀጉር መያዣ ሻሼ ላይ ሰክቼ ሙሉ ሽፍት ሠርቻለሁ! አንድም ሰው አልነገረኝም።

በ3 ሌሊት ጨረስኩት። ልጄ እንዳትነቃ ብርድ ልብሱን አፌ ላይ ይዤ ነበር የምስቀው። እናቴ ግን ሰማችኝ። "ልጅ ታቅፎ የፍቅር መጽሐፍ! ለሱብሂ እንዲህ ብትነቂ ምናለ?" አለችኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ አንድ ባልደረባችን አየኝና "ይሄ ጊዜ ማቃጠያ ነው፤ ቁም ነገር ያለው አንብቢ" ብሎ በሰው ፊት ሼም አስያዘኝ።

እስቲ ይንገሩኝ፣ ነውር ሠራሁ? ደግሞስ ሴትዮዋ ከወለደች በኋላ ለወራት እየተከፈላት ቤቷ መቀመጧ እውነት ነው ወይስ የደራሲ ፈጠራ? ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። የመጽሐፉ መጨረሻ ተገንጥሏል! ሴትዮዋ በዝናብ ባቡር ጣቢያ ቆማለች። ልጇ ትከሻዋ ላይ ተኝቷል። የልጁ አባት ሻንጣውን ይዞ ተመልሶ መጥቷል። በሌላ በኩል ያ ቧንቧዋን የጠገነላት ጎረቤቷ ጥላ ይዞ እየሮጠ ነው። በቃ፣ እዚያ ላይ ገጹ የለም። ማንን መረጠች? እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አይሳቁብኝ። መጽሐፉን ካነበብኩ ወዲህ የሰርቪሳችንን ሹፌር ልብ ብዬ ማየት ጀምሬያለሁ። ስዘገይ 2 ደቂቃ ይጠብቀኛል። ይሄ የመጽሐፉ ሥራ ነው ወይስ የኔ?

ባለ ቢራቢሮዋ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

አብሽሪ የኔ እናት። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ቡና ላይ፣ ለጎረቤቶቼ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት። ስምሽ ስለሌለበት አትቀየሚኝም ብዬ ነው። ቢራቢሮዋ ጋ ስደርስ አንዷ ሲኒ ልትጥል ነበር። ከዚያ ክርክር ተነሳ። ግማሹ ለጎረቤትየው ፈረደ፣ ግማሹ "የልጅ አባት ነው፣ ይታረቁ" አለ። አቦል ላይ የተጀመረው በረካ ላይም አላለቀም። ወደሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ነውር ላልሽው። እኔ ከ1985 እስከ 2001 ዓ.ም. እዚሁ ደሴ ፒያሳ አካባቢ መጽሐፍ አከራይ ነበርኩ። አንድ አልጋ የማታስገባ የቆርቆሮ ቤት ነበረችኝ። ስጀምር የአንድ አዳር ኪራይ 50 ሳንቲም፣ መያዣው መታወቂያ ወይም 10 ብር ነበር። ሥራውን ወድጄ አልገባሁበትም። የልጄ አባት የከባድ መኪና ረዳት ነበር። በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ አሰብ ወረደና በዚያው ቀረ። ልጃችን 3 ዓመቱ ነበር። የወንድሜን 40 መጻሕፍት ደርድሬ ጀመርኩ። ልጄን ከመደርደሪያው ጀርባ፣ የኦሞ ካርቶን ውስጥ አስተኛው ነበር። የዚህ ዓምድ ስም ከዚያ የመጣ ነው።

እና በ16 ዓመት አንድ ነገር አየሁ። አሳዛኝ መጽሐፍ በቀኑ ይመለሳል፣ ንጹሕ እንደሆነ። የሚያስቅ የፍቅር መጽሐፍ ግን ይዘገያል። ሲመለስም በርበሬ የነካ ጣት አርፎበታል፣ ሲኒ ተቀምጦበት ክብ ሠርቶበታል፣ መብራት የጠፋ ለታ የሻማ ጠብታ ወድቆበታል። አንዱ እንዲያውም ገጾቹ መሀል የሽንኩርት ልጣጭ ይዞ መጣ። ሰው ሲያለቅስ መጽሐፉን ከደን አድርጎ ነው የሚያለቅሰው። ሲስቅ ግን ወጥ እያማሰለ ያነባል።

እነማን ነበሩ የሚወስዷቸው? የሌሊት ተረኛ ነርሶች። ሜትር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ልብስ ሰፊዎች። ሰኞ ገበያ ውለው የሚመለሱ ነጋዴ ሴቶች፣ ዘንቢላቸው ሥር ከትተው። አንድ አስተማሪም ነበር። ጨለም ሲል ጋቢውን ተከናንቦ ይመጣና "ለባለቤቴ ነው" ይለኛል። ሁልጊዜ ለባለቤቱ! አንድ ቅዳሜ ባለቤቱ ራሷ መጣች። "እትዬ፣ ያ ሰውዬ ሌሊት ሌሊት ብቻውን የሚስቅበትን መጽሐፍ ለኔም አከራዪኝ" አለችኝ። ያ ያሳፈረሽ ባልደረባሽ ስንት ጋቢ ለባሽ እንዳለ አያውቅም።

ለሱ ሌላም የምትነግሪው አለ። ይሄ "ልብ ወለድ" የምንለው ቃል ከየት የመጣ ይመስለዋል? አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ "ልብ ወለድ ታሪክ" ነበር። በአማርኛ የመጀመሪያው ነው። ሴት ልጅ ወንድ መስላ የምትጓዝበት፣ ንጉሥ ሳይቀር በፍቅር የሚያዝበት፣ በሰርግ የሚያልቅ ታሪክ ነው። በሰርግ! እኛ ዘንድ ግን በልባችን የቀረው በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሀዲስ ዓለማየሁ ነው፤ መጨረሻው ርእሱ ላይ ተጽፏል፣ መቃብር። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው እናቴ ከሬዲዮው ሥር ቁጭ ብላ ነጠላዋን ትነክስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያላስለቀሰን ፍቅር ፍቅር አልመስል አለን። እኔ ሀዲስን 4 ጊዜ አንብቤያለሁ፣ ዕድሜ ከሰጠኝ እደግመዋለሁ። ግን ቀኑን ሙሉ ቆማ ለዋለች ሴት በየማታው መቃብር አይሆንም።

"መጨረሻው ይታወቃል" የሚሉም አሉ። ይታወቅ! ሰርግ ቤትም ሙሽራዋ ማታ እንደምትሄድ ይታወቃል፤ ታዲያ ማን ቀረ? አንቺ እኮ ቀን የምትውዪው መጨረሻው ከማይታወቅ ነገር ጋር ነው። የቤት ኪራዩ ይጨምር ይሆን? ልጅቷ ትኩሳቷ ይበርድ ይሆን? እሱ ይደውል ይሆን? ማታ አንድ ሰዓት ያህል መጨረሻው ከሚታወቅ ነገር ጋር መቀመጥ ዕረፍት ነው። ደግሞ ማሳቅ ቀላል እንዳይመስልሽ። ያቺ የዳክዬ ስቲከር ትክክለኛው ቦታ ላይ እንድትለጠፍ ደራሲው ስንት ገጽ አስቀድሞ እንዳዘጋጃት ተመልሰሽ እዪ። ልጁ ስቲከሩን ቀደም ብሎ የሆነ ቦታ አግኝቶታል። ካላገኘው ደራሲው ሰነፍ ነው፣ ተቀየሚው።

እኔም የምቀየምበት አለ፣ አልደብቅሽም። ሴትዮዋ ዕዳ ውስጥ ገብታ፣ ሀብታም መጥቶ ዕዳዋን ከፍሎ፣ ያንን ፍቅር ነው ሲሉኝ መጽሐፉን መደርደሪያው ጥግ እወረውረው ነበር። ያ ፍቅር ሳይሆን ዋስትና ነው። ወንዱም እንከን የለሽ ሲሆን አልወድም፤ ምግብ ያበስላል፣ ጊታር ይመታል፣ አይቆጣም፣ አይደክመውም። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለ እናቱ እስካሁን አልለቀቀችውም ማለት ነው። ያንቺዋ ኪራይዋን እስከ መጨረሻው ከራሷ ደሞዝ ከከፈለች ግን ሸጋ መጽሐፍ ይዘሻል።

የወሊዱ ነገር እውነት ነው፣ ፈጠራ አይደለም። እንግሊዝ አገር አሁን ባለው ሕግ ተቀጣሪ እናት እስከ 52 ሳምንት ፈቃድ አላት፤ ከዚያ ውስጥ እስከ 39 ሳምንቱ ክፍያ ያለው ሊሆን ይችላል። ክፍያው ግን ሁሉም ሙሉ ደሞዝ አይደለም፤ ከመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት በኋላ ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል። ስለዚህ ባለታሪክሽ ወተት እየቆጠረች መግዛቷ አይግረምሽ። የኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ደግሞ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል፣ ከነክፍያው። በድምሩ 120 ቀን። ለአባት 3 ቀን። አሰብ ለወረደ አባት ስንት ቀን እንደሚሰጥ አዋጁ ላይ አላገኘሁም።

አሁን ወደ እናትሽ። እሳቸውን በክርክር አትሞክሪያቸው። ሱብሂን አንስተው የሚከራከር ማንም አያሸንፋቸውም። ይልቅ እሑድ ቡና ሲፈላ መጽሐፉን ይዘሽ ቁጭ በይ። ለራስሽ የምታነቢ መስለሽ፣ ግን ድምፅ አውጥተሽ፣ የስብሰባውን ምዕራፍ አንብቢ። መሳሳም ያለበት ቦታ ስትደርሺ ዝለይው። እንደዘለልሽ ያውቁብሻል። እናቴን በዚህ ነው የያዝኳት። ፊደል አታውቅም ነበር፤ "እንዲህ ያለ መጽሐፍ ቤቴ እንዳይገባ" ያለችው ሴትዮ በሦስተኛው ሳምንት ሱቄ ድረስ መጥታ፣ ደንበኛ መሀል ቆማ፣ "ያቺ ልጅ እንዴት ሆነች?" አለችኝ። የትኛዋ ልጅ ስላት "ያቺ አለቃዋ የሚያሽቃብጥባት!" ደንበኞቼ የጎረቤት ሐሜት መስሏቸው ጆሯቸውን አቆሙ።

ብርድ ልብሱንም ከአፍሽ አውርጂው። ልጄ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፣ ሚስት አግብቶ ወልዷል። ከዚያ ካርቶን ምን ታስታውሳለህ ብዬ ጠይቄው ነበር። እኔ ብርዱን ይላል ብዬ ነው፤ የደሴ ሐምሌ፣ ጦሳ በጉም ተሸፍኖ፣ ቆርቆሮው ሲያንጠባጥብ። እሱ ግን "ማታ ማታ ብቻሽን ትስቂ ነበር፤ ከማን ጋር እንደምታወሪ ግራ ይገባኝ ነበር" አለኝ።

ስለ ሹፌሩ ደግሞ፤ ኧረ አልሳቅኩም። ትንሽ ነው የሳቅኩት። መጽሐፉ ያደረገው ዓይንሽን ከስፌቱ ላይ ቀና ማድረግ ነው፤ ሰውየው ግን ከመጽሐፉም በፊት እዚያው መሪው ላይ ነበር። በጎረቤትየው አትለኪው። ያ የተጻፈ ሰው ነው፤ እንቅልፍ አያንጎላጅጀውም፣ የነዳጅ ሰልፍ አያውቅም። አንድ ነገር ብቻ ቁጠሪ፣ መቁጠር ሥራሽ ነውና። ሌላ ሰው ሲዘገይ ስንት ደቂቃ ይጠብቃል? ለሁሉም 2 ደቂቃ ከሆነ ጥሩ ሹፌር ነው፣ አመስግነሽው ውረጂ። ላንቺ ብቻ ከሆነ ሌላ ደብዳቤ ጻፊልኝ።

ወደ ባቡር ጣቢያው እንመለስ። እኔ ለጎረቤትየው ነኝ። ስሜት አይደለም፣ የሥራ ልምድ ነው። በእንዲህ ያሉ መጻሕፍት ውስጥ ትንሽ ነገር አይቶ ያልሳቀ ሰው ነው የሚመረጠው። ስቲከሩን ያነሳላት እሱ አይደል? በመጨረሻ ሻንጣ ይዞ የሚመጣ አባት ደግሞ የሚመጣው ሴትዮዋ "አይሆንም" የምትለው ሰው እንድታገኝ ነው። ስንቱን ሻንጣ አይቻለሁ! የቡና ጎረቤቶቼ ግን አልተቀበሉኝም፤ አንዷ በ1 ኪሎ ቡና ተወራርዳኛለች። ስለዚህ ማረጋገጫ ያስፈልገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ምስጢር ላውጣ። ያኔ መጨረሻ የምትገነጥል ደንበኛ ነበረችኝ። አመለ ሸጋ ልጅ ናት፣ በሰዓቷ ትመልሳለች፣ ግን በሷ እጅ ያለፈ መጽሐፍ ሁሉ መጨረሻ የለውም። ሌላው ደንበኛ እየመጣ ይጮህብኛል። አንድ ቀን ያዝኳት። ልትዳር ነበር፤ የማታውቀው ሰው ነው፣ ቤተሰብ ነው ያጨላት። በዳቦ መጠቅለያ ላስቲክ የያዘችውን አምጥታ እያለቀሰች ሰጠችኝ። 11 መጨረሻ። ሰርግ ያለበትን፣ በር ላይ የሚታረቁበትን ብቻ ለይታ ነበር የምትወስደው። ምን ልበላት? ቅጣት አላስከፈልኳትም። መጻሕፍቱ ግን በዚያ ጊዜ ተበትነው ነበር፤ አንዳንዶቹን እንደ ጎደሉ ሸጬአቸዋለሁ። ብዙዎቹ ሐረጎን ወርደው እናንተ ዘንድ፣ ኮምቦልቻ ነው የገቡት። ገጾቹ እስካሁን የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አሉኝ። ትናንት አውርጄ አቧራውን ጠረግኩለት። ሁለቱ ላይ ዝናብ አለ። አንዱ ላይ ባቡር አለ።

እኔ ማህተሜን የምመታው ሁልጊዜ ገጽ 31 ላይ፣ ከታች በግራ በኩል ነበር። ሰማያዊ ነው፣ ክብ፣ መሀሉ ላይ የተከፈተ መጽሐፍ አለው። መጽሐፉን ለባልደረባሽ ከመመለስሽ በፊት ገልጠሽ እዪልኝ። ካለ፣ የመጨረሻውን ገጽ ቁጥርና የመጨረሻዋን መስመር ገልብጠሽ ላኪልኝ።